ሁለቱ ውርንጭሎች

«በቨርጂኒያ ገጠር፣ በ6 ኤከር መሬት ላይ ከባለቤቴና ከ8 ዓመት ልጃችን ጋር እንኖራለን። አባቴ በአዊ ፈረስ አርቢ ስለነበሩ ፈረስ ማርባት ከልጅነቴ አብሮኝ ያደገ ምኞት ነው። ለትልልቆቹ ፈረሶች ቦታውም አቅሙም ስላልነበረን ሚኒየቸር ከሚባሉት ትንንሽ ፈረሶች ሦስት ባዝሮችና አንድ ድንጉላ ገዛን። ባለፈው ሚያዝያ የመጀመሪያዋ ባዝራ ቀኗ ካለፈ በኋላ፣ ጡቷም ሳያጋት፣ ሌሊት ወለደች። ‹ጡቷ ሳያጋት አትወልድም› ተብዬ ስለነበር ያን ሌሊት ተኝቼ ነበር። ሲነጋ ውርንጭላዋን በወፍራም ቀይ ሽፋን እንደተጠቀለለች ሞታ አገኘኋት። ባዝራዋም ሁለት ቀን እህል ሳትቀምስ ቆማ ቆየች። በግንቦት ሁለተኛዋ ወለደች። ይህኛው በሕይወት አለ፤ ነገር ግን ግንባሩ ያበጠ፣ የታችኛው መንጋጋው ወደ ፊት የወጣ፣ እግሮቹም የተጣመሙ ናቸው። ሐኪሙ ‹ድንክ ነው› አለን። ባለቤቴ ሁሉንም ሸጠን እንገላገል ይላል። እኔ ግን ባዝሮቹን በዚያው ድንጉላ እንደገና ላስጠቃና የሚቀጥለውን ዓመት ልሞክር እያልኩ ነው። ልጄ ለታመመው ውርንጭላ ስም ላውጣ ስትል፣ ልቧ እንዳይሰበር ብዬ ከልክያታለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው? ምን ይሻለኛል?»
እንቅልፍ ያጣሁ፣ ከቨርጂኒያ

የተከበሩ እህቴ፣

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። መልሴ በአብዛኛው የሚያርፈው እርስዎ እግረ መንገድዎን ጠቅሰው ባለፏቸው ጥቂት ቃላት ላይ ነው። በደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና ከተማርኩ በኋላ በአሜሪካ በፈረስ ማዋለጃ ጋጣዎች ብዙ ሌሊቶችን አሳልፌያለሁና፣ ሲነጋ ወደ ጋጣ ገብቶ የሞተ ውርንጭላ ማግኘት ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። ስለዚህ አስቀድሜ በውርንጭላዎ ሞት ከልብ ማዘኔን እገልጽልዎታለሁ። ሰዎች «እንስሳ ናት፣ ሌላ ትወለዳለች» ብለውዎት ይሆናል። 11 ወር ሙሉ የባዝራዋን ሆድ እየዳሰሰ ቀን ለቆጠረ ሰው ይህ አያጽናናም።

በአንድ ወር ልዩነት የደረሱብዎትን ሁለቱን ሐዘኖች በአንድ ላይ አስረው እንደ አንድ ሸክም ይዘዋቸዋል። ለሁለቱም ራስዎን ይከሳሉ፤ ሁለቱንም በአንድ አዲስ ውርንጭላ ሊክሱ ያስባሉ። እኔ የምለምንዎት እንዲለያዩዋቸው ነው። የመጀመሪያዋ ውርንጭላ የሞተችበት ምክንያትና ሁለተኛው ታሞ የተወለደበት ምክንያት ፈጽሞ አይገናኙም፤ መፍትሔያቸውም የተለያየ ነው። አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ቢኖር፣ ሁለቱም እርስዎ በተኙበት በዚያ ሌሊት አለመጀመራቸው ነው።

ከመጀመሪያዋ ልነሳ። ባዝራ በደህና ስትወልድ ቀድሞ ብቅ የሚለው ነጣ ያለና ሳሳ ያለ ሽፋን ነው፤ የውርንጭላው የፊት ሰኮናዎችም በውስጡ ይታያሉ። እርስዎ ያገኙት ወፍራም ቀይ ሽፋን ግን እንግዴ ልጁ ራሱ ነው። ያለጊዜው ከማኅፀን ግድግዳ ተላቆ ከውርንጭላው ቀድሞ ሲወጣ፣ ውርንጭላው ከእናቱ ደም ያገኝ የነበረው ኦክስጅን ገና መተንፈስ ሳይጀምር ይቋረጥበታል። በዚህ ጊዜ ያለው ዕድል የሚቆጠረው በደቂቃዎች ነው። በቦታው የተገኘ ሰው ሐኪም እስኪመጣ ሳይጠብቅ ሽፋኑን በመቀስ ቀድዶ፣ የውርንጭላውን አፍንጫ ነጻ አውጥቶ፣ ባዝራዋ ባማጠች ቁጥር ወደ ኋላ እግሮቿ ዝቅ አድርጎ መሳብ አለበት። እንዲህ ተደርጎም የሚተርፉ አሉ፤ የማይተርፉም አሉ። «ነቅቼ ቢሆን ትድን ነበር?» ብለው ቢጠይቁኝ፣ ልትድን ትችል ነበር ብዬ በእውነት እመልስልዎታለሁ። ይህን የምለው በኋላ ከሌላ ሰው ሰምተው እንደ አዲስ እንዳይቆስሉ ነው። ነገር ግን ጥያቄው በዚህ አያበቃም፤ ያን ሌሊት ለምን ተኙ?

የተኙት ጡቷ ስላላጋተ ነው። የተሰጠዎትን ምክር አክብረው ምልክቱን ጠበቁ፤ ምልክቱ ግን አልመጣም። ቀኗ አልፎ ነበር፣ ጡቷ ባዶ ነበር፣ እንግዴ ልጁም ወፍራም ነበር። እነዚህን ሦስቱን በአንድ ደብዳቤ ላይ፣ ያውም ከቨርጂኒያ በተላከ ደብዳቤ ላይ ሳነብ፣ ዓይኔ ከጋጣው ወጥቶ ወደ ግጦሽ መሬትዎ ሄደ። በእርስዎ አካባቢ ሜዳውን የሚሸፍነው ሣር አብዛኛውን ጊዜ ቶል ፌስኪው የሚባለው ነው። በዚህ ሣር ውስጥ በዓይን የማይታይ ፈንገስ ይኖራል። ለሣሩ ድርቅንና ተባይን መቋቋሚያ ይሆነዋል፤ ላረገዘች ባዝራ ግን መርዝ ነው። ፈንገሱ የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ጡት እንዲያጋት የሚያዝዘውን ፕሮላክቲን የተባለ ሆርሞን ያፍናል፣ እርግዝናውን ከቀኑ ያሳልፋል፣ እንግዴ ልጁንም ያወፍራል፤ ቀይ ሽፋን ቀድሞ እንዲወጣ ከሚያደርጉት የታወቁ ምክንያቶች አንዱም እሱ ነው። ከላሞችና ካላረገዙ ፈረሶች ይልቅ በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ላይ ባለች ባዝራ ላይ እጅግ ይከፋል።

ይህ ማለት፣ እህቴ፣ ውርንጭላዋን የጎዳው ነገር እርስዎን ሊያነቃ ይገባ የነበረውን ምልክትም ደብቆታል ማለት ነው። ባዝራዋን ሳልመረምር «በእርግጥ ይህ ነው» ልል አልችልም። የማኅፀን ኢንፌክሽንም ተመሳሳይ ውጤት ሊያመጣ ይችላል። እንግዴ ልጁና ውርንጭላዋ ከተቀበሩ ደግሞ አሁን ማረጋገጫ የለም። ሣሩ ግን ቆሞ አለ። ከካውንቲዎ የግብርና ኤክስቴንሽን ቢሮ ሰው ጠርተው የሣሩን ዓይነት ያሳዩ፤ ናሙና ተወስዶ ፈንገሱ ይኑር አይኑር በላቦራቶሪ ይታወቃል። ካለ ደግሞ ያረገዘች ባዝራ ከመውለጃዋ በፊት ቢያንስ 60፣ ቢቻል 90 ቀን ከዚያ ሜዳ መውጣትና ከሌላ ሣር የተዘጋጀ ድርቆሽ መብላት አለባት። ድርቆሽ ሆኖ መድረቁ መርዙን ስለማያጠፋው፣ የሚገዙት ድርቆሽ ከምን ሣር እንደሆነ ሻጩን ይጠይቁት። ቀኗ እየቀረበ ጡቷ ባዶ ከሆነ ሐኪሙ ዶምፔሪዶን የተባለውን መድኃኒት ሊያዝላት ይችላል።

ለወደፊቱ አንዲት ባዝራ በግቢዎ የምትወልድ ከሆነ፣ የተጠቃችበት ቀን በጽሑፍ ይያዝ፤ ከ300ኛው ቀን ጀምሮ ጡቷ አጋተም አላጋተም ሌሊቱን በካሜራ ወይም በተራ ትጠበቅ። የሚኒየቸር ውርንጭላ ከሰውነቱ አንጻር ሲታይ ግንባሩ ክብና ጭንቅላቱ ትልቅ ስለሆነ፣ እናቲቱ ደግሞ ጠባብ ስለሆነች፣ ምጥ የሚከብዳቸው ከትልልቆቹ ፈረሶች ይበልጥ ነው። የሽርት ውሃው ከፈሰሰ በኋላ መውለዱ 20 ወይም 30 ደቂቃ ቢፈጅ ነው፤ ከዚያ በላይ መጠበቅ የለም፣ ሐኪም ይጠራል። ውርንጭላው በ1 ሰዓት ውስጥ መቆም፣ በ2 ሰዓት ውስጥ መጥባት ይጠበቅበታል፤ እንግዴ ልጁም በ3 ሰዓት ውስጥ መውጣት አለበት። እንገሩንም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ማግኘት አለበት። የፈረስ ውርንጭላ በሽታን የሚከላከልበትን ኃይል ማኅፀን ውስጥ ሳለ ከእናቱ አይቀበልም፤ የሚያገኘው ከእንገሩ ብቻ ነው፣ አንጀቱም ከ1 ቀን በኋላ ይህን ኃይል ማሳለፍ ያቆማል። እንግዴ ልጁን ደግሞ ሐኪም ሳያየው እንዳይቀብሩት አደራ።

ስለ ባዝራዋ ከጻፉት ውስጥ ከሁሉ ያስደነገጠኝ «ሁለት ቀን እህል ሳትቀምስ» የሚለው ነው። እርስዎ የሐዘንዋ ምልክት አድርገው ጽፈውታል፤ ሐዘንም ሊሆን ይችላል፣ ባዝራ ለሞተባት ውርንጭላ እንደምትጨነቅ እኔም አይቻለሁ። ነገር ግን የሚኒየቸር ፈረስ፣ በተለይ ያረገዘች ወይም በቅርቡ የወለደች ባዝራ፣ መብላት ስታቆም ሰውነቷ ያጠራቀመውን ስብ በብዛት ወደ ደሟ ይለቃል፤ ስቡ ጉበቷን ሞልቶ ሊገድላት ይችላል። ባዝራዎ ተመልሳ መብላቷ ትልቅ ምሕረት ነው። ሌላ ጊዜ ግን አንድ ቀን እንኳ አይታገሡ፤ ጠዋት ድርቆሿን ካልነካች ከቀትር በፊት ለሐኪም ይደውሉ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሐዘን ልለፍ። በዚህኛው ላይ ከእርስዎ ሐሳብ ጋር አልስማማም።

ቋንቋችን ትንሹን ፈረስ ሁሉ «ድንክ» ስለሚለው ነገሩ ተምታቶብዎት እንዳይሆን እሰጋለሁ። የሚኒየቸር ፈረስ ትንሽ ቢሆንም መጠኑ የተመጣጠነ ነው፤ እግሩ፣ አንገቱና ጭንቅላቱ ልክ እንደ ትልቅ ፈረስ ተሰናስለው የተሠሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1978 የተቋቋመው የአሜሪካ ሚኒየቸር ፈረስ ማኅበር ቁመቱ ከጋማው መጨረሻ ፀጉር ላይ ሲለካ ከ34 ኢንች፣ ማለትም ከ86 ሴንቲ ሜትር ገደማ እንዳይበልጥ ይጠይቃል። የእርስዎ ውርንጭላ ያለበት ድንክነት ግን ሌላ ነገር ነው፤ አጥንትና ልመ አጥንት በትክክል እንዳያድጉ የሚያደርግ በዘር የሚተላለፍ ሕመም ነው። በሚኒየቸር ፈረሶች ላይ ኤካን በሚባለው ዘረመል ውስጥ ይህን የሚያመጡ አራት ለውጦች ተለይተው ታውቀዋል። አንድ ፈረስ ከእነዚህ አንዱን ብቻ ቢይዝ «ተሸካሚ» ይባላል እንጂ ጤነኛ ነው፣ ያማረም ሊሆን ይችላል፤ ማንም አይቶ አያውቅበትም። ተሸካሚው ድንጉላ ተሸካሚዋን ባዝራ ሲያጠቃ ግን እያንዳንዱ እርግዝና ከ4 አንድ እጅ የታመመ ውርንጭላ የማስገኘት፣ ከ4 ሁለት እጅ ደግሞ ሌላ ተሸካሚ የማስገኘት ዕድል አለው። ከታመሙት አንዳንዶቹ ጭራሽ ሳይወለዱ በማኅፀን ይጨነግፋሉ፤ አርቢውም «ባዝራዬ አልያዘችም» ብሎ እንደገና ያስጠቃታል።

እንግዲህ ግንቦት ላይ የተወለደው ውርንጭላ፣ ሕመሙ ከእነዚህ አንዱ ከሆነ፣ ስለ ወላጆቹ የሚነግረን ግልጽ ነው፤ እናቱም አባቱም ተሸካሚዎች ናቸው። ድንጉላዎ ተሸካሚ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የአንዲት ባዝራ ብቻ አይደለም። በዚያው ድንጉላ «እንደገና ልሞክር» ማለትዎ ተስፋ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚያውቁትን አደጋ በአንድ በማይናገር እንስሳ ላይ መድገም ይሆናል። በመጀመሪያው ጊዜ አላወቁም፤ ማንም ሊወቅስዎት አይገባም። አሁን ግን ያውቃሉ።

ስለዚህ ዛሬውኑ ድንጉላውን ከባዝሮቹ ይለዩት። ባዝራ ከወለደች ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ እንደገና ድንጉላ ትፈልጋለችና፣ አብረው ከሰነበቱ ሦስቱም አርግዘው ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ በአልትራሳውንድ ይያቸው። ቀጥሎ የአራቱንም፣ የውርንጭላውንም ጭምር፣ የዘር ምርመራ ያስደርጉ። ምርመራው ከጋማ ወይም ከጅራት ከነሥራቸው የተነቀሉ ከ20 እስከ 30 የሚሆኑ ፀጉሮችን ብቻ ይፈልጋል፤ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የሚገኘው የእንስሳት ዘረመል ላቦራቶሪ በፖስታ ተቀብሎ ይሠራዋል። ድንጉላው ተሸካሚ ሆኖ ከተገኘ ምክሬ አጭር ነው፤ ይኮላሽ። ከተሸካሚ ባዝራ ጤነኛ ውርንጭላ ማግኘት አይከለከልም፤ በምርመራ ነጻ መሆኑ የተረጋገጠ ድንጉላ ካጠቃት ከእነዚህ አራት ለውጦች የሚመጣ ድንክነት ያለበት አይወለድም። ይሁንና ምርመራው ያልደረሰባቸው የድንክነት ዓይነቶችም እንዳሉ አይርሱ፤ አንዴ ድንክ ያስገኙ ጥንዶች፣ ወረቀቱ ነጻ ናቸው ቢል እንኳ፣ እንደገና መገናኘት የለባቸውም።

በዚህ ሙያ ውስጥ ካየሁት ሁሉ የሚያሳዝነኝ የትንሽነት ሽሚያው ነው። በአንድ ኢንች ላጠረ ድንጉላ የበለጠ ገንዘብ የሚከፍል ገዢ እስካለ ድረስ አጭሩን ከአጭሩ የሚያገናኝ አርቢ አይጠፋም፤ ድንክነትን የሚሸከሙት ፈረሶችም በዚህ ምርጫ ውስጥ በቀላሉ ያልፋሉ። እርስዎ ድንጉላውን ሲገዙ ምን ተብለው እንደገዙት አልጻፉልኝም። «ከመንጋው ሁሉ ትንሹ» ተብለው ከሆነ፣ የተሸጠልዎት ነገር ውድነቱም ሕመሙም አንድ ላይ ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ ከቁመቱ በፊት ጥርሱ በትክክል መግጠሙን፣ የእግሩን ቀጥታነትና የዘር ምርመራ ወረቀቱን ይጠይቁ።

ባለቤትዎ «እንሽጥ» ያሉት ከጭካኔ አይመስለኝም። የእርስዎን ሌሊቶች የሚያየው እሳቸው ናቸው። በገንዘብም ቢሆን እውነት አላቸው፤ አንዲት ባዝራ በምጥ ተይዛ ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልጋት የሆስፒታሉ ሒሳብ ከሚወለደው ውርንጭላ ዋጋ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ከሚኒየቸር ፈረስ ማርባት ኑሮ የሚያወጣ ሰው ጥቂት ነው፤ ይህን በግልጽ ተነጋግራችሁ፣ ለክፉ ቀን የሚሆን ገንዘብ ሳይለይ ምንም ባዝራ እንዳይጠቃ ብትስማሙ መልካም ነው። ነገር ግን ምርመራው ሳይታወቅ መሸጥ ሐዘናችሁን ለሌላ ቤተሰብ አሳልፎ መስጠት ነው። ውጤቱ ከመጣ በኋላ መሸጥ ከመረጣችሁ፣ ወረቀቱ ለገዢው እጅ በእጅ ይሰጠው። እርስዎ የሚቀጥለውን ዓመት ነው የጠየቁኝ፤ እኔ የምመክርዎት ግን ዓመቱ ያለ እርግዝና እንዲያልፍ ነው። በዚያ ዓመት ሜዳው ይታያል፣ የሞተባት ባዝራ ማኅፀን ይመረመራል፣ እርስዎም እንቅልፍዎን ያገኛሉ። ፈረስ የማርባት ምኞትዎ እውነተኛ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ዓመት ቢጠብቅም አይጠፋም።

በሕይወት ስላለው ውርንጭላ ብዙም አልጻፉልኝም። የፈሩ መሰለኝ። የድንክ ፈረስ ዕጣ እንደ ሕመሙ ብርታት ይለያያል። አንዳንዶቹ መተንፈስ ስለሚያቅታቸው ወይም እግሮቻቸው ስለማይሸከሟቸው ብዙ አይቆዩም፤ ሥቃዩ ሲበረታ በሐኪም እጅ በሰላም ማሳረፍ ራሱ የርኅራኄ ሥራ ነው። ሌሎቹ ደግሞ ዓመታት ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 በሚዙሪ የተወለደችው ተምበሊና 44.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ የነበራት ድንክ ነበረች፤ የዓለም ትንሿ ፈረስ ተብላ ተመዘገበች፣ የታመሙ ሕፃናትን እየጎበኘች እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ኖረች። የእርስዎ ውርንጭላ የትኛው እንደሚሆን የሚነግሩን ቀኖቹ ናቸው። ያለ እርዳታ ይነሣል? ጠብቶ ይጠግባል? ከሌሎቹ ጋር ይሮጣል ወይስ አብዛኛውን ቀን ተኝቶ ይውላል? ሲተነፍስ ድምፅ ያሰማል? ሰኮናው ከሌሎቹ ይልቅ ቶሎ ቶሎ መስተካከል አለበት፤ መንጋጋው ስላልገጠመ ጥርሱን የሚያይለት ሐኪም ያስፈልገዋል፤ ሲያድግም መኮላሸት አለበት። ይህን ሁሉ አድርገው ሥቃዩ ካየለ፣ ውሳኔውን ለነገ አያሳድሩት።

የመጨረሻው ጥያቄ የልጅዎ ነው። ስም እንዳታወጣለት መከልከልዎን አንብቤ አዘንኩ፤ ልቧን ለመጠበቅ እንደሆነ ይገባኛል። ነገር ግን የ8 ዓመት ልጅ ስም ባታወጣለትም ለምዳዋለች፤ ስም የሌለው ቢሞት የምታለቅሰው ያንሳል ብዬ አላምንም። እርስዎም የአባትዎን አገር ያውቁታል። የአዊ ፈረሰኞች በ1932 ዓ.ም. ማኅበር መሥርተው፣ ለአድዋ ዘማች ፈረሶች ክብር ሲሉ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ይሰበሰባሉ። በእኛ አገር ሰው ራሱ በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ ተባሉ። ልጅዎ ይህን ብትሰማ ደስ ይላታል።

አንድ ደብተር ይግዙላት። ውርንጭላው ስንት ጊዜ እንደጠባ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደተኛ፣ መቼ እንደሮጠ ጠዋትና ማታ ትጻፍበት፤ ሐኪሙ ሲመጣ ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ጽሑፍ ነው። በደብተሩ ሽፋን ላይ የሚጻፈውን ስም ግን እሷው ትምረጥ።